ከታችኛው ማረፊያ እስከ ላይኛው ማረፊያ፣ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ

ለክቡር የአገር ውስጥ በረራዎች ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የዓይንዎ ብርሃን እንዴት ነው? ዓይንዎን ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ባለፉት ስምንት ወራት ከጽሕፈት ቤትዎ የሚወጡትን ወረቀቶች ሳነብ፣ ሁላችንም በየቀኑ የምናየውን አንድ ትልቅ ተራራ እርስዎ ሳያዩት ቀርተው ይሆን ብዬ ሰግቻለሁና። እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ ማለቴ ነው፤ የነገውን በረራ የሚያውቀው እሱ አንድዬ ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በታችኛው ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ደመናውን፣ ነፋሱንና ዓይን እስከ የት እንደሚያይ በየሰዓቱ እየጻፍኩ ለመቆጣጠሪያ ማማው የምሰጥ ሴት ነኝ። ቢሮዬ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የአየር ግፊት መለኪያ፣ እንዲሁም በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የተቀመጠ አንድ ባልዲ አለው። ባልዲው የዝናብ መለኪያ አይደለም፤ ሆኖም ከእውነተኛው መለኪያ ይልቅ እሱ ትክክል የሆነባቸው ክረምቶች ነበሩ።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት ተራራው አለ። ከዳር እስከ ዳር እንደ ግድግዳ የቆመ ሸንተረር ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ አንድ ክፍተት አለው፤ ያንን ክፍተት እኛ ጉሮሮ እንለዋለን። ማለዳ ጥርት ያለ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ደመና ይገባበትና ይደፈናል። አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትይዘው ትንሿ አውሮፕላናችን ከእኛ ማረፊያ ተነስታ ያንን ሸንተረር ከላይ ለማለፍ አቅሟ አይፈቅድላትም፤ ስለዚህ ጉሮሮው ሲከፈት በጉሮሮው ታልፋለች፣ ሲደፈን ደግሞ ተራራውን በስተ ምሥራቅ ዞራው ትሄዳለች። ዙሪያው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ለዓመታት በበረራ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውም ሃምሳ ሁለት ነበር። ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ቀድማ የደረሰች ቀን ሰው ደስ ይለዋል፤ ዞራ የመጣች ቀን ደግሞ ማንም ዘገየች አይልም። እንዲህ ሆነን ኖርን፤ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበርን የገባን እርስዎ ሲሾሙ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ማስመሪያው አመሰግንዎታለሁ።

ከስምንት ወር በፊት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ የዕቅድ ባለሙያ ተላከልን። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሰው ነበር። ተጓዦች የሚጠብቁበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ወዳለው ትልቅ ካርታ ሄደና ከቦርሳው ማስመሪያ አውጥቶ ከእኛ ነጥብ እስከ ላይኛው ማረፊያ ነጥብ ድረስ አጋደመው። ቀይ መስመርም አሰመረ። «መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር» አለ፣ አንድ የተደበቀ ነገር ያገኘ ይመስል። አዳራሹን የሚያጸዱት እናት፣ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን፣ መወልወያቸውን ተደግፈው ያዩት ነበርና «ልጄ፣ ተራራውስ?» አሉት።

«እማማ፣ ካርታው ላይ እኮ ቡናማ ቀለም ብቻ ነው ያለው» አላቸው በትሕትና።

«እንግዲያው አንተ በቀለሙ እለፍ» ብለውት ወደ ውልወላቸው ተመለሱ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲሱ ሰሌዳ ደረሰን። ርቀት፣ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር። የበረራ ጊዜ፣ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ። ሌላ መንገድ፣ የለም። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ክቡርነትዎ ሰማዩን በማስመሪያ አርሰውታልና የአባባሉ መጀመሪያ በእርስዎ እጅ ፈርሷል፤ ሁለተኛውን እኔ በዚህ ደብዳቤ እሞክረዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ማብራሪያውም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከሰሌዳው ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘገየ አብራሪ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያብራራ፣ ሦስት ማብራሪያ የጻፈም ከበረራ እንዲነሳ ያዘዙበት ደብዳቤ አሁንም ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አለ። በዚያን ጊዜ ይህን መስመር የሚያበሩት ካፒቴን ሠላሳ ዓመት የበረሩ ሰው ነበሩ። ደመና በጣት ስፋት እንኳ ጉሮሮው ላይ ካዩ ይዞራሉ፤ ሲዞሩም በድምፅ ማጉያው «ተጓዦቻችን፣ ዙሮ ዙሮ ከቤት» ይላሉ። ስለዚህ ስማቸው ዙሮ ዙሮ ሆኖ ቀረ። የአባባሉን ሁለተኛ ግማሽ አውሮፕላን ላይ ማንም አይናገረውም፤ እርሳቸውም ተናግረውት አያውቁም።

ካፒቴን ዙሮ ዙሮ ሦስቱን ማብራሪያ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ጨረሷቸው። ሦስቱም ላይ «የመዘግየቱ ምክንያት» በሚለው ሥር አንዲት ቃል ብቻ ሰፍራለች፤ «ተራራ»። ወዲያው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ የጠፉ ሻንጣዎች መጋዘን ኃላፊ ተደረጉ። የሄዱ ዕለት መስኮቴ ሥር ቆመው «አየሽ፣ ሻንጣ ቢጠፋም አንድ ቀን ይገኛል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ተራራው አገጫቸውን ቀስረው «አደራሽን፤ ዝግ ሲሆን ዝግ ነው በያቸው» አሉኝ።

ሦስተኛ፤ አደራቸውን እንዳልጠብቅ አዲሱ ቅጽ ቀደመኝ። ቀድሞ በቅጹ ላይ ጉሮሮው ከሚለው ፊት ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ ክፍት እና ዝግ። በአዲሱም ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ክፍት እና በከፊል ክፍት። የማተሚያ ስሕተት መስሎኝ ስደውል አንዲት ጨዋ ሠራተኛዎ «እህቴ፣ ዝግ የሚለው ቃል ተጓዥን ያስደነግጣል ተብሎ ነው» አለችኝ። የተጓዡን ልብ እንዲህ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም፤ የቀረውን የሰውነቱን ክፍል ማን እንደሚጠብቅለት ግን አልነገረችኝም።

አራተኛውን እንደ እነዚህ በአጭሩ ልጽፈው አልችልም። ቀኑን እንዳለ ልንገርዎ።

ታላቅ እህቴ አዋላጅ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሁለቱ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች እየተመላለሰች ታዋልዳለች፤ ሐሙስ በአውሮፕላኑ ትሄዳለች፣ ሰኞ ትመለሳለች። ላይኛው ከተማ ውስጥ ከሷ ሌላ አስቸጋሪ ወሊድ የሚደፍር አዋላጅ የለም።

ያን ሐሙስ ጉሮሮው ገና በማለዳ ተደፈነ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ሸንተረሩ ራሱ ከወገቡ በላይ አይታይም ነበር። ቅጹን አነሳሁ። ሁለቱን ሳጥኖች አየኋቸው። ከዚያ በወፍራም ብዕር ከቅጹ ጫፍ እስከ ጫፍ «ዝግ ነው» ብዬ ጻፍኩበትና ወደ ማማው ወጣሁ። ተቆጣጣሪው አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «ይህን ኮምፒውተሩ አይቀበለኝም እኮ» አለ። ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። በከፊል ክፍት የሚለውን ሲጫን ፊቱን ከእኔ አዞረ።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወደ አውሮፕላኑ ወረድኩ። በካፒቴን ዙሮ ዙሮ ቦታ የመጣው አብራሪ ክንፉ ሥር ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። ጎበዝ ሰው ነው፤ ሞኝ አይደለም።

«ዝግ ነው» አልኩት።

«እትዬ፣ ሁለት ማብራሪያ ጽፌያለሁ» አለኝ። «ሦስተኛዋን ከጻፍኩ ማብረሬ አበቃ። የአራት ወር ልጅ አለኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዘሃል።»

«ጠጋ ብዬ አያለሁ። ቀዳዳ ካገኘሁ እገባለሁ፣ ካላገኘሁ እዞራለሁ።» ይህን ሲል ዓይኑ እንደገና ወደ ሰዓቱ ሄደ። ያኔ ገባኝ፤ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው ቀዳዳ ማግኘቱ አይቀርም።

እህቴ የአውሮፕላኑ መወጣጫ ደረጃ ላይ ነበረች። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ነፋስ ያለ ሹራብ ምን ያስወጣሻል? ጉንፋን ሊይዝሽ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። ውረጂ ልላት ይገባ ነበር። አላልኳትም። ሰው ፊት መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁ፤ ምናልባትም ቀዳዳ ይኖራል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የእኔ ጥፋት ይህ ነውና፣ ክስ ሲመሠርቱ ይህን እንዳይረሱት።

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ተነሳች። ማማው ላይ ተመልሼ ወጣሁ። በሰባተኛው ደቂቃ አብራሪው «ወደ ጉሮሮው እየተጠጋሁ ነው» አለ። ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ ተራራው ያለው ሰማይ ፀሐይ ነበረበት፤ ትንሿ አውሮፕላን በዚያ ፀሐይ ውስጥ አንድ ጊዜ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ነጩ ውስጥ ገባች። ተቆጣጣሪው ጠራው። መልስ የለም። ደግሞ ጠራው። ተራራው ሬዲዮ ይከልላል፣ እናውቃለን፤ ግን ከአራት ደቂቃ በላይ ከልሎ አያውቅም። አምስት ሆነ። ሰባት ሆነ። ተቆጣጣሪው መጥራቱን ሳያቆም በሌላው እጁ የድንገተኛ አደጋ ስልኩን አንስቶ ያዘ፤ አልደወለም፣ አልዘጋውም፤ ዝም ብሎ ያዘው። ዘጠኝ ሆነ። እማማ ደረጃው ላይ መጥተው ቆመዋል፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። አሥራ አንድ ሆነ። እኔ በዚያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእህቴ የመጨረሻ ቃል ስለ ሹራብ መሆኑን።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ከተራራው ወዲያ «አልፈናል» የሚል ድምፅ መጣ። የአብራሪው ድምፅ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ፈጀብን። ከዚያ አሥራ አራት ደቂቃ ቆይቶ ላይኛው ማረፊያ ደወለ። አርፋለች። አምስት ሰዓት ከአርባ ሦስት። ክቡር ሆይ፣ በትክክል ሠላሳ ሦስት ደቂቃ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለችልኝ። እኔን ሳትቆጣ ስታወራ የሰማኋት የዚያን ቀን ነው። «ነጭ ነበር» አለችኝ። «ወተት ውስጥ የገባን ይመስል ነበር። ከዚያ ነጩ ተቀደደና በመስኮቱ ግንድ አየሁ። ቅጠል አላልኩሽም፣ ግንድ።» ከጎኗ የተቀመጠው ሰው አናጺ ነበር። እሱም አይቶታል። «ጥድ ነው» አለና እጇን ጨበጠ፤ እስኪያርፉ ድረስም አልለቀቀም። እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምጥ የያዛቸው እናቶች እጇን እየጨበጡ የኖረች ሴት ናት፤ እንደዚያ ሰው አድርጎ የጨበጠኝ የለም አለችኝ።

መካኒኩ ደግሞ ከግራው ጎማ ማጠፊያ ውስጥ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ከነለምለም ቅጠሉ አወጣ። ከሪፖርት ጋር አሽጎ ላከልዎ። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ «ከወፍ ጋር የተፈጠረ ቀላል ንክኪ» ይላል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር፤ ቅጠሉ ራሱ ተነስቶ ጠረጴዛዎ ድረስ ቢመጣልዎ ወፍ አሉት። ከነዛፏ የምትበር ወፍ በጉሮሮው ውስጥ መኖሯን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልመዘግብ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በዚያው ፖስታ ውስጥ አንድ ሌላ ወረቀት ነበር። የወሩ የሰዓት አክባሪነት ምስክር ወረቀት ነው፤ ለዚያ ሐሙስ በረራ የተሰጠ። ፊርማዎ በጣም ያምራል። በትእዛዝዎ መሠረት በመስታወት ገብቶ ካርታው አጠገብ ተሰቅሏል። ተጓዦች ሻንጣቸውን ይዘው ሲጠብቁ ያነቡታል።

የቀረው አጭር ነው። አብራሪው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ተራራውን ዞሮ መጣ፤ ሃምሳ አንድ ደቂቃ። ሦስተኛውን ማብራሪያ ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ እዚያው ወንበሩ ላይ ጻፈው፤ በማግሥቱም ታገደ። አሁን የአጎቱን ሚኒባስ ከከተማ ወደ ማረፊያው ይነዳል። ባለፈው ሳምንት አሳፍሮኝ «እትዬ፣ እንቅልፍ መጣልኝ» አለኝ።

እህቴ አውሮፕላን መሳፈር ትታለች። በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ትሄድ የነበረው በወር ሁለት ጊዜ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ላይኛው ከተማ ውስጥ ሁለት ወሊዶች ሳትደርስ አመለጧት። አንደኛው በሰላም አለቀ። ስለ ሁለተኛው እዚህ አልጽፍም፤ ይህ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ነው፣ የወላዷ ባልም ጋዜጣ ያነባል።

እኔም «የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ በእጅ ጽሑፍ በማበላሸት» ተከስሼ ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። በእኔ ቦታ ሰው እንደማይቀጠር፣ ቅጹም ከዋናው መሥሪያ ቤት ተሞልቶ እንደሚመጣ ተነግሮኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት፤ ሰባት ቅጾች፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ሁሉም ላይ በከፊል ክፍት የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፣ ሁሉም ተፈርሟል። ማክሰኞ ቀን ቆሜ የዓርብን ሰማይ አነበብኩ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ቀና ብዬ በመስኮቱ ሳይ ተራራው አልነበረም፤ ከሸንተረሩ እስከ ማኮብኮቢያው አጥር ድረስ ነጭ ብቻ ነበር። በዚያ ነጭ ውስጥ የአውሮፕላን ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

በሚቀጥለው ወር ሰሌዳው ወደ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ዝቅ ሊል ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ተጓዡ ደስ ይለዋል፤ አዲሱ አብራሪም፣ ሦስተኛው መሆኑ ነው፣ ሁለት ማብራሪያ ጽፎ ይጠብቃል። ያልሰማው ተራራው ብቻ ነው።

አምስተኛ ብዬ የጀመርኩት ልመና ነበር፤ ሆኖም ስጽፈው ልመና ሆኖ አልወጣልኝም። ተራራውን ያንሱልን አልልም፤ የክቡርነትዎን ሥልጣን ወሰን አውቃለሁ። ዝግ የምትለውን አንዲት ሳጥን ይመልሱልን፤ ከጎኗም ሃምሳ ሁለት የሚለውን ቁጥር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልባል ዛሬ ጮኬያለሁ፣ በአደባባይም ጮኬያለሁ። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው፣ ክቡርነትዎ ፊት ማይክሮፎን ደርድሮ «ያውቁ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ይህ ጋዜጣ በዚህ ቀን መውጣቱን እንዳይዘነጋው አደራ እላለሁ።

የቸኮለውን ሁሉ በሰላም የሚያደርስ አምላክ ክቡርነትዎን ከነሙሉ ቤተሰብዎ፣ ከነወንበርዎ፣ ከነማስመሪያዎ ይጠብቅልን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከመሬት ሳልነሳ እጅ እነሣለሁ።

በታችኛው ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች የነበርኩት

ማስታወሻ፤ ከመታገዴ በፊት ባለው ዓርብ ከጽሕፈት ቤትዎ የፕሮቶኮል ኃላፊው ደውሎልኝ ነበር። ክቡርነትዎ በሚቀጥለው ወር የላይኛውን ማረፊያ አዲስ አዳራሽ ሊመርቁ በእኛ በኩል ስለሚያልፉ፣ «ያ ተራራውን ዞሮ የሚሄደው በረራ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ያለ በረራ የለም፣ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው አልኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያው ክቡርነታቸው በመኪና ይመጣሉ» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ስንቅ ይያዙ።